የበገናው አውታርና የጅቡቲ አየር

ወገኖቼ፣ ያረጀ የሙዚቃ መሣሪያ ሲታደስ ከሁሉ የሚከብደው መፍታቱም መግጠሙም አይደለም፤ የትኛው አካሉ ይለወጥ፣ በምንስ ይተካ የሚለው ነው። ትልቁን ፒያኖ የሚያድሱ ባለሙያዎች የዛገ ሽቦና የተበላ የመዶሻ ልባስ ሳያመነቱ ይለውጣሉ፤ ድምፁን የሚያጎላውን ስስ የእንጨት ገበታ ግን ለማዳን ብዙ ይደክማሉ።

እኔን የገጠመኝ በገና ነው። ባለፈው ጥር ለጉዳይ ጅቡቲ ከተማ ወርጄ ሳለ፣ በአሮጌው ባቡር ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ አንድ አባት፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ሳለሁ መሣሪያ መጠገን መልመዴን ሰምተው ኖሮ፣ በገናቸውን ከግድግዳ አውርደው ሰጡኝ። «ልጄ፣ ለዐቢይ ጾም አድርስልኝ፤ ለከርሞ ቀጠሮ የለኝም» አሉ።

ገበቴው ደኅና ነበር። ቆዳው ጠርዙ ላይ ተሰንጥቋል እንጂ ይዟል፤ ስለዚህ በስስ ቆዳ ለጥፌ ተውሁት። አዲስ ቆዳ አዲስ ድምፅ ነውና። ከዐሥሩ አውታሮች ግን የቀሩት ሦስት ብቻ ናቸው፤ እንዚራዎቹንም ብል በልቷቸዋል።

አባባ ከበግ አንጀት በቀር አይሆንም አሉ። አንጀቱ ከሥጋ ቤት አይጠፋም፤ ታጥቦ፣ ተፍቆ፣ ተገምዶ መድረቅ አለበት እንጂ። ይህን ሙያ የሚያውቅ ዛሬ ጥቂት ነው፤ በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮ ርቆ፣ ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ያስተምሩት የነበረው ትምህርትም ተቋርጦ ነበር። ባለሙያ ቢገኝስ? በቀዝቃዛዎቹ ወራት የጅቡቲ አየር ከባሕሩ እርጥብ ነው። አንጀት ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፤ ማታ የቃኙት ጧት ረግቦ ይገኛል። ከዓሣ አጥማጆች ዘንድ ውፍረቱ ከአሮጌው አውታር የሚተካከል ናይለን መረጥሁ። ናይለንም መጀመሪያ ይለጠጣል፤ ሦስት አራት ቀን እየደጋገሙ መቃኘት ነው።

አባባ ፊታቸውን አዞሩ። በጣት ሲደረደር ግን ዐሥሩም አውታሮች አይጮኹም፤ ስድስቱ ይመታሉ፣ አራቱ፣ ማለትም 2ኛው፣ 5ኛው፣ 7ኛውና 9ኛው፣ የጣት ማረፊያ ናቸው። ስለዚህ የተረፉትን ሦስት የአንጀት አውታሮች ወደ ማረፊያው ቦታ አዛወርኋቸው። ናይለኑ ይጮኻል፤ የአባባ ጣት ግን በአንጀቱ ላይ ያርፋል። ይህን ስነግራቸው ዝም ብለው ቆዩና «ቀጥል» አሉኝ።

በእንዚራው ግን አልተደራደርሁም። የሠፈሩ ልጆች ከውኃ ጠርሙስ ፕላስቲክ ቆርጠው አመጡልኝ፤ መለስሁላቸው። በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባው ያቺ ቁራጭ ቆዳ ናት በገናን እንደ ንብ የምታስተመው፤ ያለ እርሷ በገና ጉሮሮው የተዘጋ ክራር ነው። ከአሮጌ ቦርሳ ገበር ለስላሳ ቆዳ ቆርጬ፣ እያንዳንዷን በፀጉር ስፋት እየገፋሁ ሁለት ቀን ፈጀሁ።

በቅበላው ማግስት ደረደሩት። ጎረቤት በር ላይ ተሰበሰበ። እኔ ከድሮው ድምፅ ጥቂት የጠራ መሰለኝ፤ አባባ ግን ስለ ድምፁ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ እስኪመሽ ደረደሩ።

በካምፓችን ክራር ያላችሁ፣ የተረፈው ናይለን እኔ ዘንድ አለ፤ ቆዳውን ግን ራሳችሁ ፈልጉ።