ባለ ነፋስ ጎማ

መቼም ስለ ልጅ መጫወቻ ብዕር አነሣለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። «ስለ ስኩተር ልጽፍ ነው» ስል ጓደኞቼ ሳቁብኝ፤ አንዱማ «ፍቅር አለቀብህ እንዴ?» አለኝ። አላለቀብኝም። ነገር ግን የእህቴ ልጅ በሳቀ ቁጥር ከላይኛዎቹ የፊት ጥርሶቹ የአንደኛው እኩሌታ የለም፤ የጠፋውም በእኔ ምክንያት ነው። እንግዲህ የሳቀ ይሳቅ፣ እኔ እጽፋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታላቅ እህቴ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። ልጇን ለእናታችን ትታው ስትሄድ አራት ዓመቱ ነበር፤ አሁን ሰባት ሞልቶታል። ስም አለው፣ እኛ ግን ማሙሽ ነው የምንለው። የምንኖረው ነፋስ ስልክ ላፍቶ፣ ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለዕንቁጣጣሽ እህቴ ገንዘብ ላከችና በስልክ እንዲህ አለችኝ፦ «ለማሙሽ ስኩተር ግዛለት። የግቢው ልጆች እየነዱ እሱ ከኋላ ከኋላ ይሮጣል አሉኝ። ደግሞ ጠንካራውን ግዛ፣ እሺ?» ጠንካራውን ግዛ። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

እኔ የገዛሁት የሚያብረቀርቀውን ነው። ታጣፊ፣ ቀላል፣ ጎማዎቿ የብርቱካን ያህል የሆኑ፣ ሲሽከረከሩም ቀይና ሰማያዊ መብራት የሚረጩ። ባለ ሱቁ «ለልጅ ይቺ ትበቃለች» አለኝ። እኔም እውነት ነው፣ ትበቃለች አልኩ፤ ምክንያቱም ከተላከው ገንዘብ ሲሶው ኪሴ ውስጥ ቀረ። በሲሶው ለራሴ ጫማ ገዛሁበት። ይኸው ተናገርኩ። ጥቁር ነው፣ ሶሉ ወፍራም ነው፤ ይህን ስጽፍም እግሬ ላይ ነው።

ማሙሽ ሦስት ሳምንት በደስታ ነዳ። የስኩተሯ ድምፅ የወፍጮ ቤት ድምፅ ነበር፤ ድፍን ጎማ ድንጋይ ላይ ሲንከባለል ሌላ ምን ይወጣዋል! እናቴ ወጥ እያማሰለች፣ በመስኮት ሳታይ፣ «አሁን ከሕንፃው ጀርባ ነው፣ አሁን በሩ ጋ ደረሰ» ትል ነበር። እህቴም ማታ ማታ በኢንተርኔት ስትደውል «እስቲ ሲነዳ አሰሙኝ» ትለናለች፤ ስልኩን በመስኮት አውጥተን እናሰማታለን። የሰፈራችን ስም እኮ የመጣው ከገመድ አልባው የራዲዮ ቴሌግራፍ ነው፤ የዚያን ጊዜ ሰው ያለ ሽቦ የሚሄደውን ወሬ ነፋስ ስልክ አለው። እኛም የስኩተር ጩኸት በነፋስ ወደ ቤሩት እንልክ ነበር ማለት ነው።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከግቢው ወደ ታች የሚወርደው ኮብልስቶን ላይ የፊቷ ጎማ ሁለት ድንጋይ መሀል ገባች። ጎማዋ ቆመች፤ ልጁ አልቆመም። ጥርሱ የወተት ቢሆን ኖሮ ይተካ ነበር፤ ግን አዲስ የበቀለው ነበር። ከሐኪም ስንመለስ ማሙሽ ተኝቶ፣ እናቴ ሳሎን ቁጭ ብላ አልተቆጣችኝም። ጫማዬን ግን አየችው።

የሚያሳፍረው ደግሞ የሜካኒካል ምሕንድስና ተማሪ መሆኔ ነው። የዚያን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት፤ ሒሳቡ የአንደኛ ዓመት ነው። ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር የሆነች ጎማ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ ድንጋይ ቢገጥማትና ቀስ ብላ ልትወጣው ብትሞክር፣ ከተሸከመችው ክብደት 1.3 እጥፍ የሚሆን የአግድም ግፊት ያስፈልጋታል። ያን ያህል ግፊት ከየት ይመጣል? ስለዚህ ትቆማለች። ስፋቷ 30 ሳንቲ ሜትር ብትሆን ግን ለዚያው ድንጋይ 0.58 ብቻ ይበቃታል። ድንጋዩ ያው ነው፣ ልጁም ያው ነው፤ የተለወጠው ጎማው ብቻ ነው። ይህንን ሱቅ ውስጥ ቆሜ ማሰብ እችል ነበር። አላሰብኩም፤ የማስበው ስለ ጫማ ነበር።

በኮብልስቶኑ አልፈርድም። ከ2000 ዓ.ም. አካባቢ ወዲህ በአዲስ አበባ የውስጥ ለውስጥ መንገዶች ላይ ሲስፋፋ ለብዙ ወጣት እንጀራ ሆኗል፤ ዲግሪ የያዘ ሰው ድንጋይ ይጥረብ አይጥረብ ተብሎም ብዙ ተከራክረውበታል። ጭቃውንም አስቀርቶልናል። ችግሩ በድንጋዮቹ መሀል የተሞላውን አሸዋ ክረምቱ ጠርጎ ሲወስደው ክፍተቱ አፉን መክፈቱ ነው። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት በትልልቆቹ ጎዳናዎች ዳር የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ተሠርቷል፤ እንዲያ ባለ ለስላሳ መንገድ ላይ ያቺ መብራታም ስኩተር እንደ ልቧ ትበራለች፣ እንዲያውም ባለ ነፋሷን ሳትቀድማት አትቀርም። ማሙሽ ግን የሚውለው ጎዳና ላይ ሳይሆን ሕንፃ ለሕንፃ ነው።

የነፋሱን ነገር ሳነብ ያገኘሁት ታሪክ ደግሞ ልቤን ነካው። ጆን ቦይድ ደንሎፕ የሚባል የስኮትላንድ ሰው ቤልፋስት ከተማ የእንስሳት ሐኪም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1887 ትንሽ ልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌቱን ሸካራው መንገድ ላይ ሲነዳ ይንገጫገጭበታል። አባት ምን አደረገ? ከቀጭን ላስቲክ ቱቦ ሠርቶ፣ ነፋስ ሞልቶ፣ በክብ እንጨት ዙሪያ አሰረው። ከዚያ የልጁን ብስክሌት ድፍን ጎማና ይህን ባለ ነፋሱን ግቢው ውስጥ አንከባለላቸው። ድፍኑ መንገድ ላይ ወደቀ፤ ባለ ነፋሱ ግቢውን አቋርጦ ከበሩ ምሰሶ ጋር ተጋጭቶ ተመለሰ። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1888፣ የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። (ኋላ ላይ መብቱ ተሰረዘበት፤ ለካስ ሮበርት ቶምሰን የተባለ ሌላ የስኮትላንድ ሰው በ1845 ለፈረስ ጋሪ ብሎ ያንኑ ሐሳብ አስመዝግቦ ኖሯል።) የዓለም መኪና ሁሉ የሚሄድበት ጎማ የተስፋፋው አንድ አባት የልጁ መንገጫገጭ አላስችለው ስላለ ነው። የእኛው ማሙሽ ደግሞ አባቱም እናቱም አጠገቡ የሉም። ያለሁት እኔ ነኝ።

ሁለት ወር የሰው ልጆች ሒሳብ አስጠናሁ፤ ሲሶዋን መለስኩ፣ ጥቂትም ጨመርኩባት። ከዚያ ፍለጋ ወጣሁ።

የመጀመሪያው ሱቅ ትልቅ ጎማ ያላት አሳየኝ። ደስ አለኝ። በአውራ ጣቴ ጎማውን ጫን ብለው ድንጋይ ነው። ሻጩ «ነፋስ አይፈልግም፣ ምስማር አይበሳውም፣ ዕድሜ ልክ ነው» አለኝ። ውሸት አልነበረም፤ ከውስጥም ከውጭም ድፍን ነው። ስፋቱ ክፍተቱን ያልፋል፣ መንገጫገጩን ግን እስከ ክርን ድረስ ያደርሰዋል። ነፋስ ያለው ጎማ የድንጋዩን ጫፍ ለቅጽበት ይውጠዋል፤ ድፍኑ ግን ልጁን ከነስኩተሩ ብድግ አድርጎ ያወርደዋል። ተውኩት።

ሁለተኛው መርካቶ ነው። እውነተኛ ባለ ነፋስ፣ አዲስ፣ ቀለሟ የሚያምር። የፊቱን ጎማ በጉልበቶቼ መሀል ይዤ መሪውን ግራና ቀኝ ጠመዘዝኩት፤ ተንቃቃ። የሚታጠፍበት ቦታ ላይ የያዘው መቆለፊያ ፕላስቲክ ነበር። እዚህ ላይ የግቢያችንን ሕግ ላስረዳችሁ። ጀሞ ውስጥ ስኩተር የአንድ ልጅ ንብረት አይደለም። «አንድ ዙር ስጠኝ» የሚባል ነገር አለ፤ ባለቤቱ 22 ኪሎ ቢሆን ዙሩን የሚወስደው የአሥራ ሦስት ዓመቱ ጎረምሳ 45 ኪሎ ነው፣ ከኋላውም ሌላ ይጭናል። ማሙሽን ብቻ የሚችል ስኩተር ማሙሽን ብቸኛ ያደርገዋል፤ «አይሆንም፣ ይሰበራል» እያለ ቆሞ የሚጠብቅ ልጅ ይሆናል። ስለዚህ የሚታጠፍ ነገር አልፈልግም አልኩ፤ መታጠፊያ ማለት ላልቶ የሚመጣ ቦታ ማለት ነው።

በምሥራቅ ኮንጎ ቹኩዱ የሚባል ከእንጨት የሚሠራ ትልቅ ስኩተር አለ። ከመቶ ኪሎ በላይ ድንችና ከሰል ጭነውበት ከተራራ ይወርዳሉ፤ ቤተሰብ ይተዳደርበታል፤ ከተማው መሀል ሐውልት ሁሉ ቆሞለታል። የከተማዋ ስም ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ጎማ! ቀልድ አይደለም። ቹኩዱ አይታጠፍም፣ መብራት የለውም፣ ጥቂት ወፋፍራም እንጨት ነው። እኛም በልጅነታችን ከጋራዥ ለምነን ያመጣነውን ኩሽኔታ ሳንቃ ላይ መትተን ጋሪ እንሠራ ነበር፤ ስንወድቅ የምንሰበረው እኛ እንጂ እሷ አልነበረችም።

ሦስተኛዋን ያገኘኋት ጎፋ፣ ልጆቻቸው ካደጉባቸው ሰዎች ቤት ነው። አሮጌ ናት። ቀለሟ ተልጧል፣ የፊቱ ዘንግ ላይ ዝገት አለ። ግን አካሏ ወፍራም ብረት ነው፣ ብየዳው ዙሪያውን ሞልቷል፣ መሪው ያለ መንቃቃት ይዞራል። የሚቆሙባት መረገጫ ከመሬት ከፍታው አንድ ጭብጥ ያህል ነው፤ ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም መረገጫው ከፍ ባለ ቁጥር የቆመው ጉልበት ለእያንዳንዱ ግፊት ይታጠፋልና ልጅ ቶሎ ይደክመዋል፤ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ድንጋይ ይመታዋል። ፍሬኗ በእጅ ነው፣ ከፊትም ከኋላም። ጎማዎቿ የትንሽ ልጅ ብስክሌት ልክ፣ ባለ 12 ናቸው፤ ስለዚህ የውስጥ ጎማ ቢቀደድ ብስክሌት ጠጋኝ ጋ አይጠፋም። ነፋስ መሙያ ጫፏም የመኪና ዓይነት ናት። የቤቱ እመቤት «ጎንበስ ብለህ የምትመረምረው መኪና ልትገዛ ነው እንዴ ልጄ?» አሉኝ። «አዎ እማማ» አልኳቸው። ሳቁና ዋጋውን ቀነሱልኝ።

ነፋስ ሥራ ያበዛል፣ አልደብቅም። ጎሚስታው ጋ የወሰድናት ቀን ሰውየው የአይሱዙ ጎማ ሲሞላ በነበረበት ቱቦ ሊለቅባት ሲል ጮህኩ። ትንሽ ጎማ በዚያ ኃይል በሰከንድ ይፈነዳል፤ ብልጭ እያደረጉ መሙላት፣ በጎማው ጎን ከተጻፈው ቁጥር አለማለፍ ነው። ሲጎድልም አይሆንም፤ የድንጋዩ ጫፍ የውስጥ ጎማውን ከቸርኬው ጋር ነክሶ ሁለት ቦታ ይበሳዋል። በመጀመሪያው ወር ይህ ደረሰብን። ማሙሽ የውስጡን ጎማ ባልዲ ውኃ ውስጥ ነክሮ አረፋው የሚወጣበትን ፈለገ፣ እኔ ማስቲሽ ቀባሁ፣ ቁራጭ ላስቲክ ለጠፍን። ጎኔ ቁጭ ብሎ «አጎቴ፣ ነፋሱ የት ሄደ?» አለኝ። መልሱን እያሰብኩ እያለ እሱ ራሱ «ቤሩት» አለና ሳቀ፤ ግማሹ ጥርስ ታየኝ።

አንድ ያላሰብነው ነገር መጣ። አዲሷ ስኩተር ድምፅ የላትም። እናቴ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተጨነቀች፤ ወጡን ትታ በየደቂቃው መስኮት ላይ ትወጣለች። «ልጁ የት እንዳለ አላውቅም እኮ! ያቺኛዋ ቢያንስ ትጮህ ነበር» አለች። ከየት እንዳመጣችው እንጃ፣ አንድ ቀን ትንሽ ቃጭል ይዛ ወርዳ መሪው ላይ በቀይ ክር አሰረችው። ፍሬኑን እንዳይነካ አንድ ጣት ከፍ አደረግሁት፤ ሌላ ማሻሻያ የለኝም።

እሁድ ማታ እህቴ ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ሲሶው፣ ስለ ጫማው፣ ደረጃ ላይ ወደቀ ብለን ስለዋሸናት ጥርስ። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝና «እትዬ?» አልኩ።

«አለሁ» አለች። ቆይታ፣ «ጫማውስ ጠንካራ ነው?» አለችኝ።

«ጠንካራ ነው።»

«እስቲ ሲነዳ አሰማኝ።»

ስልኩን በመስኮት አወጣሁት። እታች ማሙሽ ከሕንፃው ጀርባ ዞሮ ሄዷል። «ምንም አይሰማኝም» አለች። «ቆይ፣ ይዞራል» አልኳት። እናቴም መጥታ ከጎኔ ቆመች። ከዚያ ከሩቅ፣ ከጥጉ በኩል፣ ቃጭሉ ተሰማ። እህቴ ከእኛ በፊት ሰማችው።