ደጅ የጠና ውሻ

አባቴ ባረፉ ጊዜ መከታ የሚባለው ውሻችን አስከሬናቸውን ተከትሎ እስከ ቤተ ክርስቲያን መጣ። ውሻ ከቅጥሩ አይገባምና ከደጀ ሰላሙ ውጭ ተኛ። ከቀብሩም በኋላ ጧት ጧት ወደዚያው ስፍራ ይሄድ ጀመር። ጎረቤቶቻችን «የነዳያኑን ፍርፋሪ ለምዶ ነው» እያሉ ሲሥቁ አፈርሁና አንድ ቀን በድንጋይ መታሁት። እያነከሰ ጥቂት ራቅ አለ፤ ፊቱንም ወደ በሩ መልሶ ተኛ።

ከብዙ ዘመን በኋላ የጃፓናዊውን ውሻ የሐቺኮን ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ያ ድንጋይ ትዝ አለኝ። ጌታው ፕሮፌሰር ኡኤኖ በቶኪዮ የእርሻ ትምህርት መምህር ነበሩ፤ ሐቺኮም ማታ ማታ በሺቡያ ባቡር ጣቢያ ይቀበላቸው ነበር። አብረው ሁለት ዓመት እንኳ ሳይኖሩ፣ በ1917 ዓ.ም. ፕሮፌሰሩ ከሥራ ቦታቸው ሳሉ በድንገት ሞቱ። ውሻው ግን በ1927 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ ወደ ጣቢያው መመላለሱን አልተወም። መጀመሪያ ሰዎች ያንገላቱት ነበር፤ በኋላ ገና በሕይወቱ ሳለ፣ በ1926 ዓ.ም.፣ የነሐስ ሐውልት አቆሙለት። ሐውልቱ በጦርነቱ ጊዜ ቀልጦ በ1940 ዓ.ም. ሌላ ተተካ።

እርሱንም «የሚመጣው ለዶሮ ጥብስ ነው» ያሉ አልታጡም። በልቶስ እንደ ሆነ? አባቴ ከገበታቸው ለመከታ ሳይቆርሱለት የዋሉበት ቀን አልነበረም። እኔም ከዚያው ገበታ በልቼ አደግሁ፤ ወደ መቃብራቸው የሄድሁት ግን በአርባቸውና በሙት ዓመታቸው ብቻ ነበረ።