የአይሮፕላን መሪ በእንግዳ እጅ

ሰው በልጁ ፊት ትልቅ ኾኖ ለመታየት ያለው ምኞት ምን ያህል እንደሚያሳስተው በራሴ ላይ አይቼዋለሁ። ነገሩ የሚያኮራኝ ባይኾንም፥ ምናልባት ልጆች ያሏቸውን አንባቢዎች ይጠቅም እንደ ኾነ ብዬ እጽፈዋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጠረፍ አገር የሚኖሩትን ዘመዶቼን ለመጠየቅ የዐሥር ዓመት ልጄን ይዤ አራት ሰው በምትይዝ ትንሽ አይሮፕላን ተሳፈርሁ። እኔ ከነጂው አጠገብ፥ ልጄም ከኋላችን ተቀመጥን። በእንዲህ ያለች አይሮፕላን ውስጥ አንዱ በነጂው፥ ሁለተኛውም ከጎኑ በሚቀመጠው ሰው ፊት ሁለት መሪዎች አሉ፤ የተያያዙም ስለ ኾኑ አንዱ ሲዞር ሌላው አብሮ ይዞራል። ነጂው ትሑትና ጨዋ ወጣት ነበረ። እኔም በመጀመሪያ «ይህ መሪ ይከብዳልን?» ቀጥዬም «ለመኾኑ ሰው በስንት ቀን ይለምደዋል?» እያልሁ ሦስት ጊዜ ያህል በዘወርዋራ ጠየቅሁት። ምን ያድርግ? «ጌታዬ፥ ጥቂት ሊይዙት ይወዳሉን?» አለኝ። እንቢ የሚልበትን በር ዘግቼበት ነበርና።

ያዝሁት። ከገመትሁት ይልቅ ቀላል ኾኖ አገኘሁት፤ አታላይነቱም በዚህ ነው። ልጄ ያየኝ እንደ ኾነ ለማወቅ ወደ ኋላዬ ዞር ስል እጄ ገላዬን ተከትሎ ኖሮ፥ አይሮፕላኗ ወደ ቀኝ አዘነበለች፤ አፍንጫዋም ወደ ታች አቀረቀረ። ወጣቱ «እኔ ይዣለሁ፥ ይልቀቁት» አለኝ። እኔ ግን ስለ ደነገጥሁ በመልቀቅ ፈንታ ይብሱን አጥብቄ ጨበጥሁ። የለቀቅሁት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሁለተኛ ጊዜ ሲናገረኝ ነው። ሁሉም እስከ ዐሥር ከመቁጠር የሚበልጥ ጊዜ አልፈጀም። ከወረድን በኋላ ልጄ «አባባ፥ ነጂው ለምን እንቢ አላለዎትም?» ብሎ ጠየቀኝ፤ የምመልስለትን አጣሁ።

በዚያ ሰሞን ነው በሩሲያው አየር መንገድ በኤሮፍሎት አይሮፕላን ላይ የደረሰውን ፈልጌ ያነበብሁት። መጋቢት 14 ቀን 1986 ዓ.ም. ሌሊት፥ ኤርባስ ኤ 310 የተባለው አይሮፕላን ከሞስኮ ተነሥቶ ወደ ሆንግ ኮንግ ይበር ነበር። በዚያ ሰዓት ተረኛ የነበረው ካፒቴን ሁለት ልጆቹ አብረውት ተሳፍረው ነበርና፥ በመጀመሪያ ሴት ልጁን በራሱ ወንበር አስቀመጣት። አይሮፕላኑን የሚመራው ግን አቅጣጫና ከፍታ የሚጠብቀው አውቶፓይሎት ስለ ነበረ፥ አባትየው የመሣሪያውን አቅጣጫ በጥቂቱ ለውጦ እርስዋ ያዞረችው አስመሰለላት። ቀጥሎ ጎረምሳው ወንድሟ ተቀመጠ።

ይህ ልጅ መሪውን ከአውቶፓይሎቱ አካሄድ በተቃራኒ ለ30 ሰኮንድ ያህል ተጭኖ በመያዙ፥ መሣሪያው አይሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለውን ክፍል ብቻ ለሰው እጅ ለቀቀ፤ የቀረውን ግን እንደ ያዘ ነበር። ይህንንም ያመለከተች ድምፅ የሌላት አንዲት መብራት ብቻ ናት። ነጂዎቹ በድምፅ የሚያስጠነቅቁትን የሶቪየት አይሮፕላኖች የለመዱ ነበሩና አላስተዋሏትም። አይሮፕላኑ እየዞረ መኾኑን አስቀድሞ የተናገረው ልጁ ራሱ ነው። ማዘንበሉ ወደ 90 ዲግሪ ሲጠጋ የሰው ሁሉ ገላ ከብዶ ካለበት ተጣበቀ፤ አባትየውም ወደ ወንበሩ ለመመለስ አልቻለም። ረዳቱም ወንበሩን ወደ ኋላ ስቦ ተቀምጦ ነበርና መሪውን በደኅና ለመጨበጥ ተቸገረ። አይሮፕላኑን አቅንተውት ነበር ለማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ከፍታው አልቆ በኬሜሮቮ ክፍል ባሉት ተራሮች ላይ ወደቀ። ከ75ቱ ሰዎች አንድም አልተረፈም። በአይሮፕላኑ ላይ የመሣሪያ ብልሽት አልተገኘበትም። እንዲያውም መሪውን ለቀውት ቢኾን ኖሮ አውቶፓይሎቱ ራሱ ያድናቸው ነበር ተብሏል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ የገዛ እጄን ተመለከትሁ።

ብዙ ሰው ያን አባት አጥብቆ ይወቅሰዋል። እኔ ግን ለመውቀስ አፍ የለኝም። እርሱ ወንበሩን የሰጠው ልጆቹን ለማስደሰት ነው፤ እኔ ደግሞ በዕድሜዬና በማዕረጌ ከሌላ ሰው ልጅ ላይ መሪ ወሰድሁ፤ የገዛ ልጄንም ከኋላዬ አስቀምጬ። በ1994 ዓ.ም. መባቻ በአሜሪካ አገር ከደረሰው ጥፋት ወዲህ በትልልቆቹ አይሮፕላኖች የነጂዎቹ ክፍል መዝጊያ እንዲጠነክርና በበረራ ጊዜ ተቆልፎ እንዲቈይ ተደርጓል። ትንሿ አይሮፕላን ግን መዝጊያ የላትም። መዝጊያዋ የነጂው እንቢታ ብቻ ነው፤ እርሱንም ጌታዬ ለሚለው ሰው መናገር ለአንድ ወጣት ምን ያህል እንደሚከብድ በየመሥሪያ ቤቱ የምናውቀው ነው።

ለወጣቱ ነጂ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍሁለት። ለልጄም ጥፋቱ የእኔ እንጂ የነጂው አለመኾኑን ነገርሁት። በማግሥቱ እሑድ ነበርና፥ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እንደ ልማዱ ከጎኔ ኾኖ የመኪናውን መሪ አብሮኝ ለመያዝ እጁን ዘረጋ። ከለከልሁት፤ እስከ ምሳ ድረስም አኩርፎኝ ዋለ።