እያየናት አመለጠችን

ምን ጎድሎን ነበር? መነጽር ነበረን። ዕውቀት ነበረን። ጊዜም ነበረን። ያም ሆኖ ባለቀጭን ምንቃሯን ከርሉ፣ ያችን ምንቃረ ቆልማማ የውሃ ዳር ወፍ፣ በዘመናችን አጠፋናት።

የሰሜኑ ብርድ ሲበረታ ከእስያ ተነሥታ፣ አውሮፓን አቋርጣ ሞሮኮ ትወርድ ነበር። በአትላንቲክ ዳርቻ፣ መርጃ ዘርጋ በተባለው ረግረግ፣ ከሌሎች ከርሉዎች ጋር ተቀላቅላ ጭቃ እየወጋች ትለቅም ነበር። መለየቷ ከባድ ነው፤ የማይቻል ግን አልነበረም። ከትልቁ ከርሉ ታንሳለች። ምንቃሯ አጠር ብሎ ወደ ጫፉ ይቀጥናል። የጎኗ ጥቁር ነጠብጣቦች የልብ ቅርጽ አላቸው። ይህን ሁሉ አውቀን ምን አደረግን? ለየናት። መዘገብናት። ደስ አለን። ወደ ቤታችን ተመለስን። ወዴት እንደምትሄድ አጥብቆ የጠየቀ ስንት ነው?

ጎጆዋ ተገኝቶ የተመዘገበው በሳይቤሪያ፣ ከኦምስክ በስተሰሜን ባለችው ታራ አካባቢ ብቻ ነው፤ እሱም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1909 እስከ 1925 ባለው ጊዜ። ከዚያ በኋላ ጎጆዋን ያገኘ የለም። ዘግይቶ የላባዋ ኬሚካል ሲመረመር ፍንጩ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሰሜን ካዛኪስታን ሣር ሜዳ አመለከተ። ላባው ግን ስንት ዘመን በሙዚየም መሳቢያ ተኝቶ ኖሯል!

ማስጠንቀቂያስ አልነበረንም? ነበረን እንጂ! የአሜሪካዋ ዘመዷ፣ ኤስኪሞ ከርሉ፣ ከ1963 ወዲህ በእርግጠኝነት ታይታ አታውቅም። ይህን እያወቅን ረግረጉን አደረቅን። ሜዳውን አረስን። ወፏን ተኩሰን ጣልን። ጥቂት ስትቀር እንኳ አልደነገጥንም።

በ1994 መንግሥታት ሊጠብቋት ተስማሙ። ስምምነቱ ዓመት ሳይሞላው፣ በፌብሩዋሪ 1995፣ መርጃ ዘርጋ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ በእርግጠኝነት ታየች። ከዚያ በኋላ ፍለጋው ተጧጧፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! አሥር ዓመት ቀድመን ብንነሣ ኖሮ? አዳኙን ብንከለክል፣ ረግረጉን ብንተው፣ መንገዷን ብንከተል ኖሮ? ዛሬም በመጣች ነበር። በ2025 ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መጥፋቷን አወጀ። እኛስ ምን ቀረን? ስሟ፣ ፎቶዋ፣ መልኳን የሚተርክ መጽሐፍ!

የሩቅ ምሥራቋ ከርሉም ዛሬ የመጥፋት አደጋ ላይ ናት። ምንቃሯን ለክተናል፣ ስሟን ጽፈናል። እሷንም እንዲሁ መዝግበን ልንሸኛት ነው?