እንኳን ማርያም ማረችሽ

የአንዲት ሴት ሐኪም መታሰቢያ ልጽፍ ብዕሬን ሳነሣ፥ አስቀድሜ ስለ ራሴ አንድ በደል መናገር ይገባኛል። በደሌን ከሸሸግሁ የሐኪሟን ውለታ በሙሉ ልቤ ልናገር አልችልምና።

የተወለድሁት ከደብረ ማርቆስ በስተ ሰሜን፥ ከጮቄ ተራራ ግርጌ በምትገኝ የገብስ አገር ነው። በአያቴ ግቢ ውስጥ ሁለት ቤት ነበረ። አንደኛው ሁላችን የምንኖርበት ትልቁ ቤት ሲሆን፥ ሁለተኛው ከከብቶቹ በረት በስተኋላ የተቀለሰች አንዲት ጎጆ ነበረች። በዚያች ጎጆ የአባቴ ታናሽ እኅት፥ አክስቴ፥ ብቻዋን ትኖር ነበር። ስለ ምን ብቻዋን እንደምትኖር ለእኛ ለሕፃናቱ የነገረን ሰው አልነበረም። እኛ የምናውቀው ሽታውን ብቻ ነበር።

አክስቴ ቀኑን ሙሉ ጥጥ ትፈትላለች። ገበያ አትወጣም፤ ከማኅበርም ከሰርግም አትቀመጥም። በእሑድና በበዓል ቀን ሰው ሁሉ ወደ ደብራችን ወደ ማርያም ሲሄድ እርስዋ ኋላ ትቀራለች፤ ቅዳሴው ከተጀመረ በኋላ ብቻዋን መጥታ፥ ከቅጽሩ ውጭ ካለው ጥድ ሥር ትቆማለች። ሕዝቡም ሳይሰናበት ቀድማ ወደ ጎጆዋ ትመለሳለች።

ዘጠኝ ዓመት በሆነኝ ጊዜ፥ በ1971 ዓ.ም.፥ ለጥምቀት በዓል ከራስዋ ፈትል አንዲት ትንሽ ነጠላ አሠርታ ሰጠችኝ። ባልንጀሮቼ ቆመው ይመለከቱ ስለ ነበረ አፈርሁ፤ «ይሸታል» ብዬም ነጠላውን ከአጥሩ ላይ ጣልሁት። አክስቴ አንዲት ቃል አልተናገረችም። ነጠላውን ከአጥሩ ላይ አንሥታ፥ አራግፋ፥ አጣጥፋ ወደ ጎጆዋ ገባች። ከዚያ ወዲህ በዕድሜዬ ብዙ በድያለሁ፤ ነገር ግን እንደዚያች ዕለት የሚከነክነኝ የለም።

የነገሩን ምክንያት የተረዳሁት ካደግሁ በኋላ ነው። አክስቴ በ13 ዓመቷ ተዳረች፤ በ15 ዓመቷም አረገዘች። ምጡ በመጣባት ጊዜ ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ቆየባት። የመንደሩ ሴቶች ከበዋት ማርያምን ይማጸኑላት ነበር፤ ወደ ሐኪም የሚያደርስ መንገድ ግን አልነበረም። በአራተኛው ቀን ሕፃኑ ሞቶ ወጣ። ጥቂት ቀን ቆይቶም ሽንቷ ያለ ፈቃድዋ ይፈስስ ጀመር። ባልዋ ጥቂት ወራት ታገሠና ወደ አባትዋ ቤት መለሳት። ከወላድ ቤት የሚገባ ሁሉ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ማለት የአገራችን ልማድ ነው። ለአክስቴ ግን ይህን ቃል የተናገራት አልነበረም፤ ሕፃን የሌለበት ቤት ነበርና ሁሉም ዝም ብሎ ወጣ።

ሐኪሞች ይህን ደዌ ፊስቱላ ይሉታል። ምክንያቱ እርግማን አይደለም፤ የቡዳ ዓይንም አይደለም። የሕፃኑ ራስ ከእናቲቱ የዳሌ አጥንት ጋር ተጋጥሞ ማለፍ ሲያቅተው፥ በራሱና በአጥንቱ መካከል የተጨነቀው ገላ ለብዙ ሰዓት ደም ሳያገኝ ይቀርና ይሞታል። የሞተው ገላ ከጥቂት ቀን በኋላ ሲረግፍ በሽንት ፊኛና በመውለጃው አካል መካከል ቀዳዳ ይከፈታል። አንዳንድ ጊዜም ቀዳዳው ወደ ሰገራ መውጫ ይደርሳል። ከዚያ በኋላ ሽንቱ ሌትና ቀን አያቋርጥም። ነርቭዋ ተጎድቶ እግርዋን ማንሣት የሚሳናት ሴትም አለች። በምጡ ጊዜ ሕፃኑ በቀዶ ሕክምና ቶሎ ቢወጣ ይህ ሁሉ አይደርስም ነበር።

አሁን ወደ ሐኪሟ ልመለስ። ዶክተር ካትሪን ሐምሊን በ1916 ዓ.ም. በአውስትራልያ፥ በሲድኒ ከተማ ተወለዱ። የማሕፀንና የወሊድ ሐኪም ከሆኑ በኋላ፥ እንደ እርሳቸው ሐኪም ከነበሩት ከኒው ዚላንዳዊው ባላቸው ከዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊንና ከትንሹ ልጃቸው ጋር በ1951 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ መጡ። የመጡት በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል አዋላጆችን ለማሠልጠን ነበር። ልዕልት ፀሐይ ነርስነት ተምረው ሕሙማንን ያገለገሉ፥ በ1934 ዓ.ም. ገና በወጣትነታቸው በነቀምቴ ያረፉ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ናቸው፤ ሞታቸውም ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ነበረ። የንጉሥን ልጅ ያልማረ ነገር የባላገሩን ልጅ እንዴት ይምራት? በስማቸው የተሠራው ሆስፒታል ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ነው።

ባልና ሚስቱ የተዋዋሉት ለሦስት ዓመት ነበር። በአገራቸው ፊስቱላ ከጠፋ ዘመን ስላለፈው እንዲህ ያለች ሕመምተኛ ከዚህ ቀደም አላዩም። በአዲስ አበባ ግን እነዚያ ከሩቅ አገር በእግራቸው የመጡ፥ ሁሉ የሸሻቸው ሴቶች በሆስፒታሉ በር ቆመው አገኟቸው። መጻሕፍት ሰብስበው የቀዶ ሕክምናውን ጥበብ መማር ጀመሩ። ከተማሩባቸውም ሐኪሞች አንዱ በካይሮ የነበሩት ስመ ጥሩው የቅብጥ ልጅ ናጊብ ማሕፉዝ ፓሻ ናቸው። የሦስት ዓመቱ ውል አለቀ፤ እነርሱ ግን አልሄዱም። በ1966 ዓ.ም. ለእነዚህ ሴቶች ብቻ የሚሆን የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን በወንዝ ዳር አቋቋሙ። በዚያው ዘመን አብዮት ፈነዳ፤ ብዙ የውጭ ሰው አገር ለቅቆ ወጣ፤ እነርሱ ከሕሙማኑ ጋር ቀሩ።

የዚህ ሆስፒታል ወሬ እኛ ቤት የደረሰው በ1972 ዓ.ም. ነው። አያቴ ከደብረ ማርቆስ ገበያ ወጥታ ሳለች፥ እንደ አክስቴ ታምማ የነበረች ሴት አዲስ ቀሚስ ለብሳ፥ ከሰው መካከል ተቀምጣ ቅቤ ስትሸጥ አየች። ጠይቃ ሁሉን ተረዳች። ወደ ቤት ተመልሳ ስትነግረን ግን ቤተ ሰቡ በሁለት ተከፈለ። አባቴ «እወስዳታለሁ» አለ። አያቴ ግን ወሬውን ያመጣችው ራስዋ ሆና ሳለ ፈራች። «ሐኪሟ ፈረንጅ ናት አሉ፤ ሃይማኖቷም የእኛ አይደለም። ልጄን በቢላዋ ቀድዳ ብትገድልብኝስ?» አለች።

የንስሓ አባታችን ተጠሩ። ጸጥ ብለው ካዳመጡ በኋላ እንዲህ አሉ። «እሜቴ፤ ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ በወንበዴዎች እጅ የወደቀው ሰው፥ ቁስሉን የሚያስርለት ከየትኛው ወገን እንደ ሆነ ጠየቀን? ሃይማኖታችንን እንጠብቃለን፤ ልጅቱ እየጸለየች ትሂድ፤ ተፈውሳም ወደ ደብርዋ ትመለስ።» ከዚያም ወደ አክስቴ ዘወር ብለው «ስምንት ዓመት ሙሉ ከጥዱ ሥር ስትቆሚ አየሁሽ። መድኃኒት ፈልጌልሽ ቢሆን ኖሮ ምን ነበረበት? ይቅር በይኝ ልጄ» አሉ። አንድ ሽማግሌ ካህን ከአንዲት የተጣለች ሴት ፊት ቆመው ይቅርታ ሲለምኑ ያየሁት በዚያች ቀን ብቻ ነው።

አባቴና አክስቴ በእግራቸው ደብረ ማርቆስ ወርደው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ደጀን ሲደርሱ ግን መንገደኛው በሽታው አማረረና አስወረዷቸው። በማግሥቱ የጤፍ ጭነት የያዘ መኪና ነጂ አዘነላቸው፤ አክስቴ ከጆንያዎቹ ላይ ተቀምጣ የዐባይን በረሃ ወርዳ ወጣች። ከሆስፒታሉ በር ሲደርሱ፥ በኋላ ስትተርክልን፥ ያስደነገጣት ሌላ አልነበረም፤ አፍንጫውን የያዘ ሰው አለመኖሩ ነው። አልጋ ላይ ያረፉት፥ በግቢው የሚመላለሱት ሁሉ እንደ እርስዋ ያሉ ነበሩ። «በዓለም ላይ ብቻዬን ያለሁ ይመስለኝ ነበር» ትል ነበር።

ቀዶ ሕክምናውን የሠራላት ማን እንደ ሆነ አላወቀችም። ከወገቧ በታች ደንዝዞ ነበርና ሥቃይ አልተሰማትም። የምታስታውሰው ሕሙማኑ «እማዬ» የሚሏቸው፥ ነጭ ልብስ የለበሱ፥ ረጅም ፈረንጅ ሴት ከአልጋዋ አጠገብ ቆመው እጅዋን መያዛቸውን ነው። ሁለት ሳምንት ያህል የሽንት ቱቦ ተደርጎላት ተኛች። ቱቦው በወጣበት ሌሊት አልጋዋን ደጋግማ በእጅዋ ትዳስስ ነበር፤ ደረቅ ነበረ። ሲነጋ አለቀሰች። ዋጋ የጠየቃት አልነበረም፤ በሆስፒታሉ ሕክምናው ሁሉ በነጻ ነውና። ስትሰናበትም እንደ ልማዱ አዲስ ቀሚስ ተሰጣት።

አክስቴ ወደ ደብራችን የተመለሰችው በእሑድ ቀን ነው። የንስሓ አባታችን ከቅጽሩ በር ቆመው ጠበቋት፤ መስቀላቸውንም አሳለሟትና «እንኳን ማርያም ማረችሽ» አሏት። ያ ቃል ስምንት ዓመት ዘግይቶ ደረሳት። በዚያ የነበሩ ሴቶችም አንድ በአንድ እየቀረቡ ያንኑ ተናገሯት፤ ልጅዋን ያስታወሱ ሁሉ አለቀሱ። ከዚያም ከሁሉ ጋር ገብታ አስቀደሰች።

ማታ ወደ ጎጆዋ ሄድሁና ያን ነጠላ እንድትሰጠኝ ለመንኋት። ሣቅ ብላ «ያ አነሰህ፤ አድገህበታል። ሌላ እፈትልልሃለሁ» አለችኝ። ፈተለችልኝም። ስለዚያች ቀን ከዚያ ወዲህ አንሥታ አታውቅም።

አንባቢ ሆይ፤ ስለ ዶክተር ሐምሊን ብዙ ክብር ተነግሯል፤ በ2012 (እ.ኤ.አ.) የኢትዮጵያ መንግሥት የክብር ዜግነት ሰጥቷቸዋል። እኔ ግን ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ታካሚዎቻቸውን አስታማሚዎች ማድረጋቸው ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ገና በወጣትነታቸው በዚሁ ደዌ ተጎድተው ከባላገር የመጡ፥ ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ነበሩ። አልጋ በማንጠፍ ጀምረው፥ በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ዕቃ እያቀበሉ፥ በመጨረሻ ራሳቸው ፊስቱላን የሚጠግኑ እጀ ብልህ ሆኑ፤ የውጭ አገር ሐኪሞችም ከእርሳቸው ተማሩ።

ዶክተር ሬጂናልድ በ1985 ዓ.ም. ዐረፉ። ባልቴቲቱ በኀዘናቸው ጊዜ ወደ አገራቸው ቢመለሱ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ነገር ግን ቀሩ፤ ዕድሜያቸው ከ80 ካለፈ በኋላም የቀዶ ሕክምናውን ሥራ አልተዉም። በ2005 (እ.ኤ.አ.) በባሕር ዳር፥ በእኛው በዐባይ ራስ፥ ከአዲስ አበባ ውጭ የመጀመሪያው ቅርንጫፍ ሆስፒታል ተከፈተ፤ ከዚያም በመቀሌ፥ በይርጋለም፥ በሐረርና በመቱ ተከተለ። ቀዳዳን መጥቀም ብቻ እንደማይበቃ ስላወቁም በ2007 (እ.ኤ.አ.) የአዋላጆች ኮሌጅ አቋቋሙ፤ ከገጠር የመጡ ልጃገረዶች ተምረው ወደ ገጠር ይመለሳሉ። ከ60,000 የሚበልጡ ሴቶች በእነዚህ ሆስፒታሎች ታክመዋል።

ዶክተር ካትሪን ሐምሊን መጋቢት 9 ቀን 2012 ዓ.ም.፥ በዐቢይ ጾም ውስጥ፥ በ96 ዓመታቸው በአዲስ አበባ መኖሪያ ቤታቸው ዐረፉ። የኮሮና ደዌ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረ ገና አምስት ቀን ነበረ። ማግሥቱ መጋቢት መስቀል ነው፤ ከቆሻሻ ክምር በታች ተቀብሮ የነበረ ዕንጨት የተገኘበት መታሰቢያ። እርሳቸው የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ አልነበሩም፤ በክርስቶስ አምነው ስለ እርሱ እንደመጡ ግን ይናገሩ ነበር። ሰው የጣለውን ፈልጎ ማግኘት የመስቀሉ ልጆች ሥራ መሆኑን በሥራቸው አስተማሩን።

እንግዲህ መታሰቢያው በእንባ ብቻ እንዳይቀር፥ በየቤታችን የምናደርገው አለን። ሴት ልጃችሁን በልጅነቷ አትዳሩ፤ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተ ሰብ ሕግ ከ18 ዓመት በታች ጋብቻን ከልክሏል። ነፍሰ ጡር በቤታችሁ ስትኖር ቀኗ ሳይደርስ ጤና ጣቢያውን አስታውቁ፤ ምጥ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት እስኪሆነው አትጠብቁ። ማርያምን መማጸንና አዋላጅን መጥራት የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። በመንደራችሁም ከሰው ተለይታ የምትኖር ሴት ካለች፥ ጎጆዋን አንኳኩና ፈውስ መኖሩን ንገሯት።

አክስቴ ከተፈወሰች በኋላ እንደ እርስዋ ያሉትን እየፈለገች እስከ መኪናው ድረስ ትሸኝ ነበር። ከጥቂት ዓመት በፊት ዐረፈች። መቃብርዋ ከቅጽሩ ውስጥ ነው፤ ያ ጥድ ከበላይዋ ይታያል። ወደ አገር ቤት ስሄድ ከመቃብርዋ አጠገብ እቆምና የፈተለችልኝን ነጠላ እንደ ደንቡ አደገድጋለሁ። የአክስቴን ነፍስ ይማርልን፤ የዚያችን ሐኪም የድካም ዋጋም እግዚአብሔር ይክፈልልን። አሜን።