ዋልካው ያስተማረኝ

በሴሚስተር እረፍት፣ ጥር ላይ፣ እናቴ ጓሮ የጎመን መደብ እንዳወጣላት ጠየቀችኝ። አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ገበያው ከብዷታል።

እኔ ሆዬ የአፈር ተማሪ ነኝ። ዋልካ ውስጥ ያለው ስሜክታይት የተባለ የሸክላ ማዕድን ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ መሬቱም ይሰነጠቃል። በአገራችን 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ እንደሚሸፍን ፈተና ላይ ጽፌ ሙሉ ማርክ አግኝቻለሁ። ጓሮው ግን ማርክ አያይም። ከጎረቤት የተዋስኩት ዶማ ብዙም ሳልቆፍርበት እጀታው ተሰበረ። በንዴት መሬቱን በውሃ አጥለቀለቅኩት፤ በማግስቱ ጭቃው ጫማዬን ይዞ አልለቅም አለ።

እናቴ ሳቀች። «ልጄ፣ ዋልካ ሲደርቅም ሲጨቀይም አይነካም። ጠብቀው» አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ከሥር አፈር አወጣችና በእጇ ጨበጠችው፤ ሳይጣበቅባት ፍርፍር አለ። «በል አሁን ቆፍር» አለች። ቆፈርን፣ ፍግ ቀላቀልን፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ አድርገን ዙሪያውን ቦይ አወጣን።

ትክክለኛው እርጥበት የሚለው ነገር በእኛም ሃንድአውት ላይ አለ፤ ሸምድጄዋለሁ። በእጄ ጨብጬ ግን አይቼው አላውቅም ነበር። የዲፓርትመንታችን ልጆች፣ እናንተስ?