የወንጪ ሐይቅ ፎቶግራፍና የአባቴ ዓይን

የሰው ዓይን ሰፊ አገርን በአንድ ጊዜ የሚያይ ይመስለዋል እንጂ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ከተራራ ጫፍ ላይ የቆመ ሰው አንገቱን ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው እያዞረ ጥቂት በጥቂት ይመለከታል፤ ልቡም የተለያየውን ሁሉ ገጥሞ አንድ አገር ያደርግለታል። የፎቶግራፍ መሣሪያ ግን አንገትም ልብም የለውምና በፊቱ ያለውን ቁራጭ ብቻ ይወስዳል። ስለዚህ ሰፊ አገርን ማንሣት የሚወድ ሰው ለመሣሪያው አንገትም ልብም ሊሆነው ያስፈልጋል። እኔ ይህን የተረዳሁት በአባቴ ምክንያት ነው፤ ለቤተ ሰብ የሚጠቅም ነገር ይገኝበት እንደ ሆነ ብዬም እንደሚከተለው ጽፌዋለሁ።

አባቴ የተወለዱት በወንጪ ነው። ወንጪ በአምቦና በወሊሶ መካከል የሚገኝ፣ በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ የነበረ ተራራ ሲሆን፣ በተራራው አናት በተፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ ሐይቅ ተኝቶበታል። የጎድጓዳው ከንፈር ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በሐይቁ መካከል ባለችው ደሴት የቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በተዳፋቱም ላይ ገበሬው ገብስ ይዘራል፣ እንሰት ይተክላል። በ2014 ዓ.ም. የዓለም የቱሪዝም ድርጅት መልካም የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው መካከል ወንጪ አንዱ ሆኗል። አባቴ ግን ወንጪን የሚወዱት ዓለም ስላወቀው ሳይሆን እትብታቸው የተቀበረበት ስለ ሆነ ነው።

ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፎ ዛሬ በአዲስ አበባ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። ከ4 ዓመት በፊት ሐኪም መርምሮ ግላኮማ የሚባለው የዓይን በሽታ እንዳለባቸው ነገረን። ይህ በሽታ ዓይን ያየውን ወደ አንጎል የሚያደርሰውን ነርቭ የሚጎዳ ሲሆን፣ ብዙውን ጊዜ ሕመም የለውም፤ አስቀድሞ የዳር የዳሩን እየወሰደ መካከሉን ያስቀራል። የጠፋው ብርሃን አይመለስም፤ የጠብታው መድኃኒት የሚረዳው የቀረውን ለማቆየት ነው። ስለዚህ አባቴ ፊት ለፊታቸው ያለውን አጥርተው ቢያዩም፣ የሚያዩት በቀርከሃ ቀዳዳ እንደሚመለከት ሰው ነው። ጉልበታቸውም ስለ ደከመ ወደ ተራራው ለመውጣት አልቻሉም። ዘመዶች ከአገር ቤት ያመጡላቸው ፎቶግራፎች አንዱ ደሴቲቱን ብቻ፣ አንዱም ጀልባውን ብቻ የያዙ ነበሩና፣ «ይህ የገንቦ ስባሪ ነው፤ ገንቦው ወዴት አለ?» ይሉ ነበር። አንድ ቀንም ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ብርሃኔ ሳያልቅ ባሕሩን በሙሉ አሳየኝ» አሉኝ።

ከዚህ በኋላ የወንድሜ ልጅ ካሜራውንና ባለ ሦስት እግር መቆሚያውን አዋሰኝና ባለፈው ኅዳር ወደ ወንጪ ሄድሁ። ኅዳርን የመረጥሁት ዝናቡ ካባራ በኋላ አየሩ ስለሚጠራ ነው። ማለዳ ከጎድጓዳው ከንፈር ስደርስ ጭጋግ ውስጡን እንደ ባዘቶ ሞልቶት ሐይቁ ፈጽሞ አይታይም ነበር። እረኞቹ፣ «ጌታዬ፣ ይታገሡ፤ ይገልጣል» አሉኝ። እንዳሉትም ከቀኑ 3 ሰዓት ሲሆን ጭጋጉ ከአንድ ወገን ተነሥቶ አስቀድሞ ደሴቲቱ፣ ቀጥሎ ውሃው፣ በመጨረሻም የማዶው ገደል ታየ።

ልጅ ሳለሁ በሚሲዮን ትምህርት ቤት የብርሃንን ነገር ያስተማሩን መምህር፣ አንድ ዓይናችንን ጨፍነን፣ አውራ ጣታችንን በፊታችን አቁመን፣ ራሳችንን ወደ ግራና ወደ ቀኝ እንድናዞር አዘውን ነበር። ራሳችን ሲዞር ጣቱ በስተኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ቦታውን የለቀቀ ይመስላል፤ ይኸውም ዓይን ያለው አንገት በሚዞርበት መካከል ላይ ስላልሆነ ነው። ካሜራም እንደዚሁ ነው። ሰው በእጁ ይዞት በወገቡ ቢዞር በቅርብ ያለው ቁጥቋጦ ከሩቁ ተራራ ጋር አይገጥምም፤ ስለዚህ መሣሪያው በሌንሱ ዙሪያ እንዲዞር ማድረግ ይገባል። እኔም መቆሚያውን በውሃ ልክ አስተካክዬ፣ ከላይና ከታች ብዙ እንዲይዝ ካሜራውን በቁሙ አሰርሁት። አንዱ ቁራጭ ነጭ ሰማይ፣ ሌላው ሰማያዊ እንዳይሆን የብርሃኑን ልክ በአንድ ላይ አጸናሁት። ከዚያም ከግራ ጀምሬ፣ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ካለፈው ሲሶውን እየደገመ፣ እስከ ቀኝ ዳርቻ 10 ጊዜ አነሣሁ። የእጅ ስልክም ይህን ሥራ በራሱ ይሠራል፤ ነገር ግን ለትልቅ ኅትመት ሲሆን የካሜራው ይበልጣል። በቄስ ትምህርት ቤት ያለ ሕፃን ፊደሉን አንድ በአንድ ቆጥሮ ኋላ ወደ ንባብ እንዲደርስ፣ ዐሥሩም በኮምፒዩተር ተገጥመው አንድ አገር ሆኑ። ፎቶ ቤቱም ርዝመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ 40 ሳንቲ ሜትር በሆነ ወረቀት አተመልኝ።

ወረቀቱን በጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ባሳየኋቸው ጊዜ አባቴ ብዙ ተመልክተው፣ «ባሕሩ ክብ ነበረ፤ አሁን እንደ ቀስት ተለጥጧል» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በዙሪያ የታየ ነገር በዝርግ ወረቀት ላይ ሲተኛ ይለጠጣልና። በ1840ዎቹ እ.ኤ.አ. ሌንሱ የሚዞር መሣሪያ ሠርቶ የፓሪስን ከተማ ያነሣው ፍሪድሪክ ፎን ማርተንስ የተቆለመመ ሰሌዳ ይጠቀም እንደ ነበር ትዝ አለኝ። ስለዚህ ወረቀቱን በካርቶን ላይ ለጥፌ፣ በግማሽ ክበብ አጥፌ፣ በወንበሮች ጀርባ ላይ አቆምሁት፤ አባቴንም በመካከሉ አስቀመጥኋቸው። ከዓይናቸው እስከ ወረቀቱ ከክንድ ብዙ አይርቅም ነበር። ያን ጊዜ አንገታቸውን ከግራ ወደ ቀኝ ቀስ እያሉ ማዞር ጀመሩ። ብርሃናቸው ጠባብ ስለ ሆነ አገሩን የሚያዩት ቁራጭ በቁራጭ ነበረ፤ ነገር ግን እኔም ያነሣሁት እንዲሁ ቁራጭ በቁራጭ ነውና የሚጎድልባቸው ነገር አልነበረም። በልጅነታቸው ባሕሩን በሙሉ አይተውታልና የሚገጥሙት በልባቸው ነበር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ በጣታቸው እየጠቆሙ መናገር ያዙ። ጥር 15 ቀን ለቂርቆስ በዓል ከእናታቸው ጋር በጀልባ የተሻገሩበትን ዳርቻ፣ ከብት ያጠጡበትን ምንጭ፣ የጉብታዎቹን ስም በኦሮምኛ አንድ በአንድ ተናገሩ። ታናሽቱ ልጄም፣ «አባባ፣ ቀስ ይበሉ፤ ልጻፈው» እያለች በስስ ወረቀት ላይ ሥፍራውን እያመለከተች ጻፈች። ከአንድ ተዳፋት ሲደርሱ ግን ቆሙና፣ «እዚህ ደን ነበረ» አሉ። በፎቶግራፉ የሚታየው የገብስ ማሳ ነው። ልጄ ወደ እኔ ዘወር ብላ የቱን ልጻፍ ብትለኝ፣ ሁለቱንም ጻፊ አልኋት።

እንዲህ ያልሁበት ምክንያት አለኝ። በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ብዙ ዓመት ስሠራ ለማስረጃ የሚቀርብ ፎቶግራፍ አይቻለሁ። ማን አነሣው፣ መቼ፣ ከወዴት ቆሞ የሚለውን የሚናገር ሰው ከሌለ ፎቶግራፍ ብቻውን ብዙ አያስረዳም፤ ሁለት ምስክሮች ሲለያዩም የጸሐፊ ሥራ የሁለቱንም ቃል መመዝገብ ነው። ካሜራው በዛሬው ኅዳር ያለውን መሰከረ፤ አባቴ ከ70 ዓመት በፊት የነበረውን መሰከሩ። የተዳፋቱን ታሪክ የሚያውቅ የሁለቱን ቃል በአንድነት የሚያነብ ሰው ነው።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ ሽማግሌ ያለህ እንደ ሆነ የትውልድ ሥፍራውን ከጥግ እስከ ጥግ አንሥተህ አምጣለት፤ የሚናገረውንም ቃል ልጆችህ ይጻፉት። ዓይኑንም ሕመም እስኪሰማው ሳትጠብቅ አስመርምር። ግላኮማ በዘር የመከተል ጠባይ ስላለው፣ በተለይ ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ ልጆችና ወንድሞች መመርመር ይገባቸዋል። እኛም የአባታችን ልጆች ሁላችን ተመረመርን፤ ከመካከላችን አንዱ ምንም ሳይሰማው በሽታው ተገኝቶበት፣ ዳሩ ሳይጠፋበት ጠብታውን ጀምሯል።